በሌዘር የታተመ ቲታኒየም ፋቲግ ላይ ለምን እንዲህ ይበታተናል? ማርቴንሳይቱ ነው ወይስ ፖሩ?

ሰላም_መካኒካል፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ። የማስተርስ ቴሲሴ በሌዘር የታተመ (ፓውደሩን ሌየር በሌየር እያቀለጠ የሚሰራ) ቲታኒየም ፋቲግ ላይ ነው፣ ማለትም ጭነት ሲደጋገምበት ብረቱ እንዴት እንደሚሰበር፣ ያው የታወቀው ስድስት ፐርሰንት አሉሚኒየም አራት ፐርሰንት ቫናዲየም ያለው ቅይጥ። ሳምፕሎቹ ውጭ አገር ታትመው ነው የመጡልኝ፣ ግማሾቹ ቆመው የታተሙ ናቸው ግማሾቹ ደግሞ ፕሌቱ ላይ ተኝተው። ቴንሳይል (የመጎተት ፈተና) ስሰራላቸው በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፣ 1200 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው የሚበጠሱት፣ ከተቀጠቀጠው ባር ይበልጣል። ፋቲግ ስጀምር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ፣ እዛው ስትረስ ላይ አንዱ ሳምፕል ቶሎ ይሰበራል ሌላው አስር እጥፍ ይቆያል፣ በአማካይ ደግሞ ቆመው የታተሙት ከተኙት ይብሳሉ።

በአሲድ ኤች አድርጌ ማይክሮስኮፕ ስር ሳየው ውስጡ በሙሉ መርፌ መርፌ የሚመስል ማርቴንሳይት (ብረቱ ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው ጠንካራ መዋቅር) ነው፣ ከዛ ደግሞ ረጃጅም ግሬይኖች (የብረቱ ክሪስታሎች) ሌየር በሌየር አቋርጠው ወደ ላይ ቆመው ይታያሉ። አማካሪዬ ማይክሮስትራክቸሩን ከፋቲጉ ጋር አያይዢው ነው የሚሉኝ፣ የማነባቸው ጽሁፎች ግን አብዛኞቹ ፖር ፖር (ውስጡ የቀረ ቀዳዳ) ነው የሚሉት። ታዲያ ማይክሮስትራክቸሩ ሚናው ምንድነው? በጀቴ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው፣ ተራ ሂት ትሪትመንት (ማሞቅ ብቻ) ላሰራ ወይስ ሂፕ (በሙቀትና በጋዝ ግፊት ፖሩን መዝጋት)? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ብየዳ_ቤት፦

ሰላም እህቴ። እኔ የብየዳ ሰው ነኝ፣ ብየዳ ላይ ማርቴንሳይት ካየን በቃ ስንጥቅ ይመጣል ብለን ነው የምንጠብቀው፣ ለዛም ነው ፕሪሂት የምናደርገው ከተበየደ በኋላም የምናሞቀው። ሌዘሩም እኮ ሌየር በሌየር የሚሄድ ቀጭን ብየዳ ማለት ነው፣ ቀልጦ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ውስጡ የቀረ ስትረስ ብዙ ነው የሚሆነው። እኔ ብሆን 800 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሰዓት አስቀምጬ ማርቴንሳይቱን እሰብረዋለሁ፣ ስትረሱም አብሮ ይለቃል፣ ዋጋውም ከሂፕ ጋር አይወዳደርም።

ሌዘር_ከአኸን፦

ሰላም ናችሁ። እዚህ ጀርመን በዚህ ስራ ላይ ስላለሁ ትንሽ ልጨምር። የብየዳ_ቤት ስለ ሪዚድዋል ስትረስ (ውስጡ ስለቀረው ስትረስ) ያለው ልክ ነው፣ የሌዘር ፓውደር ቤድ ላይ ብረቱ በሴኮንድ ከመቶ ሺህ ዲግሪ በላይ በሆነ ፍጥነት ነው የሚቀዘቅዘው፣ ከታች ያለው ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ እየያዘ አያኮማትረውም፣ ስለዚህ ሳምፕሉ ገና ከፕሌቱ ሳይላቀቅ ቆዳው አካባቢ ብዙ መቶ ሜጋፓስካል የሚጎትት ስትረስ ሊኖር ይችላል። ማርቴንሳይቱን ግን ከስቲሉ ጋር አንድ ማድረግ አይገባም። የስቲል ማርቴንሳይት ካርቦን ተቀርቅሮበት ነው እንደዛ የሚጠነክረውና የሚሰባበረው፣ የቲታኒየሙ ካርቦን የለበትም፣ ያው ሄክሳጎናል የሆነው አልፋ (ቲታኒየም ሲቀዘቅዝ የሚይዘው የክሪስታል አይነት) በጣም በቀጭኑና በብዙ ዲስሎኬሽን (የክሪስታል ጉድለት) የተሰራ ነው። ይጠነክራል፣ መለጠጡ ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ፐርሰንት በታች ነው፣ ግን በራሱ እንደዛ አይነት መበታተን አያመጣም። ማርቴንሳይት በሁሉም ሳምፕሎችሽ ውስጥ እኩል አለ አይደል? እኩል ያለ ነገር አንዱን ሳምፕል ቶሎ ሰብሮ ሌላውን አስር እጥፍ አያቆይም። ከሳምፕል ሳምፕል የሚለያይ ነገር ነው መፈለግ ያለበት።

እሱ ደግሞ ፖር ነው፣ ግን ፖር ሁሉ አንድ አይደለም። ሌዘሩ ጉልበት ሲበዛበት ጠልቆ ይገባና ከታች ክብ ክብ ቀዳዳ ጥሎ ይወጣል፣ ኪይሆል የሚባለው። ፓውደሩ ውስጥ የነበረ አርጎንም ትንንሽ ክብ ፖር ይሰራል። ከሁሉም ክፉው ጉልበት ሲያንስ ወይም ሌዘሩ የሄደባቸው መስመሮች ሳይደራረቡ ሲቀሩ የሚመጣው ነው፣ ላክ ኦፍ ፊውዥን። እሱ ክብ አይደለም፣ በሁለት ሌየር መሃል የተኛ ጠፍጣፋ ክፍተት ነው ጫፉም ስል ነው፣ ውስጡ ያልቀለጠ የፓውደር ኳስ ታገኚበታለሽ። እንግዲህ ቆሞ የታተመ ሳምፕል ስትጎትቺ ኃይሉ ያንን ጠፍጣፋ ክፍተት በቀጥታ ነው የሚከፍተው። ተኝቶ በታተመው ላይ ግን ኃይሉ ከክፍተቱ ጎን ለጎን ስለሚሄድ የሚያየው ቀጭን ጫፉን ብቻ ነው። ነጋዴ አቡጀዲ ሲሸጥ ጫፉን በመቀስ ትንሽ ነክቶ ነው በእጁ ቀጥ አድርጎ የሚተረትረው፣ የተነካበት አቅጣጫ ነው ሁሉን የሚወስነው፣ እዚህም እንደዛው ነው። ቆመው የታተሙት ለምን ባሱ ላልሽው መልሱ አብዛኛው እዚህ ጋ ነው ያለው፣ ረጃጅሞቹ ግሬይኖች ከዛ በኋላ ነው የሚመጡት።

ሁለት ጥያቄ፦ የሳምፕሎቹ ገጽ ታትሞ እንደወጣ ነው ወይስ በሌዝ ተላግቷል? የፋቲግ ማሽኑስ ምን አይነት ነው?

ሰላም_መካኒካል፦

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ማሽኑ የሚሽከረከር ቤንዲንግ (ሳምፕሉን እያጎበጠ የሚያሽከረክር) ነው፣ ሳምፕሎቹ ደግሞ ሁሉም ተላግተው ፖሊሽ ተደርገዋል። የተሰበረውን ፊት በሴም (ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ) ያየሁት የጥቂቶቹን ነው፣ አንዱ ላይ ጫፉ አካባቢ ለስለስ ያለ ጠፍጣፋ ቦታና እንዳልከው ክብ ክብ ኳሶች አይቻለሁ፣ እኔ ቆሻሻ መስሎኝ አልፌው ነበር። ሌሎቹን አላየኋቸውም።

ስንጥቅ_ተከታይ፦

እህቴ እነዛ ኳሶች ያልቀለጠ ፓውደር ናቸው፣ ቴሲስሽ ያለው እዛ ውስጥ ነው። አሁን የምልሽን በደንብ አንብቢው ምክንያቱም ከላይ "ፖር ወይስ ማይክሮስትራክቸር" ተብሎ የተጠየቀው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ሁለቱን በቁጥር ስትለያያቸው ነው።

ጃፓናዊው ሙራካሚ የሰራው ቀላል ቀመር አለ። የተሰበረው ፊት ላይ ስንጥቁ የጀመረበትን ፖር ትፈልጊያለሽ፣ ኃይሉ በሚጎትትበት አቅጣጫ ሲታይ ያለውን ስፋት ትለኪያለሽ፣ የስፋቱን ስኩዌር ሩት በማይክሮን ትወስጂያለሽ። የብረቱ ቪከርስ ሃርድነስ ላይ 120 ትደምሪያለሽ፣ ፖሩ ገጹ ላይ ከሆነ በ1.43 ውስጥ ከሆነ በ1.56 ታባዢና ለዛ ስኩዌር ሩት ስድስተኛ ሩት ታካፍዪዋለሽ፣ የሚመጣው ቁጥር የፋቲግ ሊሚቱ (ከሱ በታች ብረቱ የማይሰበርበት ስትረስ) ግምት ነው በሜጋፓስካል፣ ኃይሉ ወዲያና ወዲህ እኩል ሲሄድ ማለት ነው፣ ያንቺ ማሽን ደግሞ ልክ እንደዛ ነው የሚሰራው። ለምሳሌ ሃርድነሱ 360 ቢሆንና ገጹ ላይ የስፋቱ ስኩዌር ሩት 50 ማይክሮን የሆነ ፖር ቢኖር 358 ሜጋፓስካል አካባቢ ይሰጥሻል፣ ፖሩ 200 ማይክሮን ቢሆን ደግሞ ወደ 284 ይወርዳል። ልዩነቱ 20 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ግን የኤስ ኤን ከርቩ (ስትረስን ከሳይክል ብዛት ጋር የሚያሳየው) ወደ ጠፍጣፋው ሲጠጋ 20 ፐርሰንት ስትረስ በሳይክል ብዛት አስር እጥፍና ከዛ በላይ ሊሆን ይችላል፣ ያየሽው መበታተን እሱ ነው። ቀመሩ መጀመሪያ የተሰራው በአብዛኛው በስቲል ላይ ስለሆነ ለቲታኒየም እንደ ማመዛዘኛ እንጂ እንደ ዲዛይን ቁጥር አትውሰጂው።

ስለዚህ የእያንዳንዱን የተሰበረ ሳምፕል ፖር ለኪ፣ የተጫነውን ስትረስ ለዛ ሳምፕል በቀመሩ ለመጣው ግምት አካፍዪና እንደገና ከርቩን ሳዪው። ነጥቦቹ ከተሰበሰቡ መበታተኑ የፖር ስራ ነበር ማለት ነው። ፖሩ ከተቆጠረ በኋላም በቆሙትና በተኙት መሃል የሚቀር ልዩነት ካለ እሱን ነው ለማይክሮስትራክቸርና ለሪዚድዋል ስትረስ መስጠት የምትችዪው። አማካሪሽ አያይዢው ያሉሽ በዚህ መንገድ ነው የሚያያዘው።

ሌላው፣ የሚሽከረከር ቤንዲንግ ላይ ስትረሱ ትልቅ የሚሆነው ቆዳው ላይ ብቻ ነው፣ መሃል ላይ ዜሮ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ትልቅ ፖር ያለው ሳምፕል ሊተርፍ ይችላል፣ ቆዳው ላይ ትንሽ ያለው ይሰበራል። ስትልጊውም ቀድሞ ውስጥ የነበረውን ፖር ገጽ ላይ ታወጪዋለሽ፣ በተለይ ሌዘሩ ዳር ዳሩን የሚዞርበት መስመርና ውስጡን የሚሞላበት መስመር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ፖር ስለሚበዛ በምን ያህል ጥልቀት እንደተላገ ጽፈሽ ያዢ።

አሁን ማይክሮስትራክቸሩ። ፋቲግ ሁለት ነገር ነው፣ ስንጥቅ መጀመርና ስንጥቅ ማደግ። ያለ ፖር ስንጥቅ እንዲጀምር ስሊፕ (የክሪስታሉ ንብርብሮች መንሸራተት) ያስፈልጋል፣ ቀጭን አልፋ ካለ ስሊፑ የሚሄድበት ርቀት አጭር ስለሚሆን ስንጥቅ መጀመር ይከብዳል፣ ማርቴንሳይቱ እዚህ ጋ ጥሩ ነው እንጂ መጥፎ አይደለም። ስንጥቁ አንዴ ካደገ በኋላ ግን ይገለበጣል፣ ቀጭኑ ውስጥ ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ወፍራም ላሜላር (ንብርብር ንብርብር የሆነ አልፋ) ከሆነ ግን እያንዳንዱ ኮሎኒ (አንድ አቅጣጫ የያዘ የንብርብር ስብስብ) ድንበር ላይ ይጠመዘዛል ይቀራረፋል፣ ስለዚህ ስንጥቅ እንዳያድግ የሚያቆመው ገደብ ከፍ ይላል። አንዱን ስታሻሽዪ ሌላውን ትጎጂያለሽ፣ ፖር ያለበት ብረት ደግሞ የመጀመሩን ደረጃ ዘሎ ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ቀጭኑ ማርቴንሳይት ጥቅሙን ሳያሳይ ጉዳቱን ብቻ ታዪበታለሽ። በዚህ ምክንያት ነው ብዙ ሰው ማርቴንሳይቱን የሚከሰው።

ብየዳ_ቤት፦

ይሄ ደስ የሚል ማብራሪያ ነው። ግን ሂት ትሪትመንት እድሜ ይጨምራል የሚሉ ውጤቶች አሉ እኮ፣ ፖሩን ሳይነካ ማለት ነው። እሱስ እንዴት ነው?

ሌዘር_ከአኸን፦

አዎ አሉ። እዚሁ ጀርመን ፓደርቦርን በ2013 የወጣ ስራ አለ፣ ያንኑ ቲታኒየም 600 ሜጋፓስካል አምፕሊቲውድ ላይ ሞክረውት እንደታተመ የነበረው 30 ሺህ ሳይክል እንኳ አልሞላም፣ 800 ዲግሪ የገባው ወደ 90 ሺህ ሄደ፣ 1050 የገባው 300 ሺህ ተጠጋ፣ ሂፕ የሆነው ግን 2 ሚሊየን አልፎ ሳይሰበር ቆመ። እይ እንግዲህ፣ 800 ላይ የመጣው ጭማሪ ሪዚድዋል ስትረሱ ስለለቀቀና ማርቴንሳይቱ ወደ አልፋና ቤታ (በከፍተኛ ሙቀት የሚበዛው ሌላው የክሪስታል አይነት) ስለተከፈለ ነው፣ 1050 ደግሞ ከቤታ ትራንሰሱ በላይ ስለሆነ (አልፋው በሙሉ ወደ ቤታ የሚቀየርበት ሙቀት፣ 995 አካባቢ ነው) ረጃጅሞቹን ግሬይኖች ራሱ አጥፍቶ ወፍራም ላሜላር ሰርቷል፣ ስንጥቅ-ተከታይ ያለውን ስንጥቅ የማጠማዘዙን ጥቅም ያገኘው እዛ ነው። ግን ሁለቱም ሂፕ ጋር አይደርሱም፣ ምክንያቱም ፖሩ እዛው አለ። ሂፕ ማለት 920 ዲግሪ አካባቢ 100 ሜጋፓስካል የአርጎን ግፊት ሁለት ሰዓት ነው በተለምዶ፣ ፖሩን ጨፍልቆ ይዘጋዋል፣ ስትረሱንም ይለቃል፣ ማርቴንሳይቱንም ይከፍለዋል። ስለዚህ በጀቱ ለአንድ ከሆነ እኔ ሂፕ ነው የምለው።

ስንጥቅ_ተከታይ፦

እስማማለሁ ግን ሂፕም ዋጋ ያስከፍላል፣ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ አልፋው ይወፍራል፣ ስንጥቅ መጀመርን የሚከለክለው ቅጥነት ይጠፋል። ከሂፕ በኋላ ሲሰበርም ብዙ ጊዜ ፖር ላይ አይደለም፣ አንድ አቅጣጫ የያዙ አልፋዎች ተሰብስበው ያሉበት ቦታ ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ ፋሴት ሆኖ ነው የሚጀምረው። ማይክሮስትራክቸሩ ስራውን የሚጀምረው ፖሩ ሲጠፋ ነው ማለት ነው።

በ2024 መጀመሪያ ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የቻይናዎቹ የሼንያንግ ሰዎች ስራ አለ፣ ለኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ካየሁት ሁሉ ይበልጥብኛል። ሂፕ አድርገው ፖሩን ከዘጉ በኋላ በጣም ለአጭር ጊዜ ከፍ ያለ ሙቀት አስገብተው ቶሎ አቀዘቀዙት፣ አልፋው ወደ ቤታ ይቀየራል ግን ግሬይኑ ለማደግ የተዘጋው ፖርም እንደገና ለመከፈት ትንሽ ይዘገያሉ፣ ያቺን ክፍተት ተጠቅመው ታትሞ እንደወጣው ያለ ቀጭን ማርቴንሳይት መልሰው አገኙ፣ ያለ ፖር። የፋቲግ ስትሬንግዙ ከ475 ወደ 978 ሜጋፓስካል ወጣ። ያው ማርቴንሳይት ነው! ሁላችንም ስንከሰው የነበረው። ፖሩ ሲነሳለት ከሁሉም በላይ ሆነ። ይሄ ውጤት የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፣ ቴሲስሽ መግቢያ ላይ ይሄን አንሺው። ቁጥሩን ካንቺ ጋር ስታወዳድሪ ግን ተጠንቀቂ፣ የነሱ ቴስት ሁልጊዜ እየጎተተ ነው፣ ዝቅተኛው የከፍተኛው አንድ አስረኛ ነው፣ ያንቺ ወዲያና ወዲህ ነው፣ ቀጥታ አይነጻጸርም።

የሃንጋር_ሰው፦

ልጆቼ ውይይታችሁን ሳነብ ነው ያመሸሁት፣ ደስ ይላል። እኔ እድሜዬን አውሮፕላን ጥገና ላይ ነው የጨረስኩት ስለዚህ ከዛ በኩል ልናገር። ነገሩ የወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አየር መንገዳችን በሚያበራቸው 737 ማክሶች ላይ ያሉት ሊፕ-1ቢ ሞተሮች የነዳጅ ኖዝላቸው ጫፍ በሌዘር የታተመ ኮባልት ክሮም ነው፣ ድሮ 20 ቁራጭ ተበይዶ ይሰራ የነበረውን አንድ አድርገውታል። እሱ ግን የሚሽከረከር አካል አይደለም። የሚሽከረከር ነገር ላይ ለመድረስ ጊዜ ወስዷል፣ የ777-9 ሞተር ጂኢ9ኤክስ ዝቅተኛ ግፊት ተርባይኑ ላይ ያሉት የቲታኒየም አሉሚናይድ ብሌዶች በኤሌክትሮን ቢም የታተሙ ናቸው፣ እዛ ዘዴ ላይ ፓውደሩ ቀድሞ በጣም ስለሚሞቅ የሚቀረው ስትረስ ትንሽ ነው፣ ተሰባሪ ብረት ሳይሰነጠቅ መታተም የቻለውም በዚህ ነው።

ልጄ ሰላም፣ አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። የተሰበረውን ሳምፕል ሁለቱን ፊት መልሰሽ አትግጠሚው። ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ እጁ ላይ ሲሰበር ወዲያው ያጋጥመዋል፣ ያኔ ስንጥቁ የጀመረበትን ቦታ ይደመስሰዋል። በጣትሽም አትንኪው፣ እንደወጣ በየፕላስቲኩ ከሲሊካ ጄል ጋር አድርገሽ ቁጥሩን ጻፊበት። ያላየሻቸውን ቀሪዎቹን በሙሉ እዪ፣ የአንዱን አይቶ ለሁሉ መናገር በኛ ስራ አይፈቀድም። መጀመሪያ በተራ ማጉያ ዙሪያውን ፈልጊ፣ መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይመለሳሉ፣ ከዛ ነው ሴም የሚገባው።

ገጹ ታትሞ እንደወጣ የሚቀር ክፍል ላይ ደግሞ ፖሩን ሁሉ ብትዘጉ ሻካራነቱ ይቀድማችኋል። ገጹ ላይ የተከፈተ ፖርንም ሂፕ አይዘጋውም፣ ጋዙ ውስጡ ስለሚገባ።

አዳማ_ፋውንድሪ፦

እኔ የአሉሚኒየም ሰው ነኝ፣ ይሄ ሁሉ ለአልሲ10ኤምጂ (ሲሊከንና ትንሽ ማግኒዥየም ላለው አሉሚኒየም) ይሰራል?

ሌዘር_ከአኸን፦

ፖሩ ይሰራል፣ ማይክሮስትራክቸሩ ግን ሌላ ታሪክ ነው ወንድሜ። እዛ ላይ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ሲሊከኑ በጣም ደቃቅ መረብ ሆኖ አሉሚኒየሙን ይከባል፣ ጥንካሬው የሚመጣው ከሱ ነው፣ የቀለጠው ገንዳ ድንበር ላይ ግን መረቡ ስለሚወፍር ስንጥቁ ድንበሩን ተከትሎ መሄድ ይወዳል። ለካስቲንግ የለመድከውን ቲ6 (በከፍተኛ ሙቀት አሙቆ፣ ቶሎ አቀዝቅዞ፣ እንደገና በትንሹ ማሞቅ) ብትሰጠው መረቡ ይበጣጠስና ሲሊከኑ ትልልቅ ፍሬ ይሆናል፣ ይለጠጣል ግን ጥንካሬው ይወርዳል፣ ውስጡ ያለው ሃይድሮጅንም በዛ ሙቀት ፖር ሊያሳድግ ይችላል። ለዛ ነው ብዙዎቹ 300 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ስትረስ ሪሊፍ ብቻ የሚሰጡት።

ሰላም_መካኒካል፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ እርስዎንም በጣም አመሰግናለሁ፣ የቀሩትን ሳምፕሎች በሙሉ አያለሁ። እንግዲህ ያሰብኩት የተሰበሩትን ሁሉ ፖር ለክቼ ከርቩን እንደገና ልሰራ፣ ከዛ ያልተሰበሩትን ግማሹን ሂፕ ልኬ ከነበረው ጋር ላወዳድር ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሂፑ ቢዘገይብኝ ለማነጻጸሪያ ጥቂቶቹን እዚሁ ላቦራቶሪ ባለው ፈርነስ 800 ላይ ባስገባቸውስ?

ሌዘር_ከአኸን፦

ፈርነሱ ቫኪዩም ወይም ንጹህ አርጎን ካለው ጥሩ ነው። ተራ አየር ከሆነ ግን የተላገውን ሳምፕል እንዳታስገቢ! ቲታኒየም በዛ ሙቀት ኦክስጅን ይውጣል፣ ቆዳው ላይ አልፋ ኬዝ የሚባል ጠንካራና ተሰባሪ ሽፋን ይሰራል፣ ያንቺ ማሽን ደግሞ ትልቁን ስትረስ የሚጭነው ቆዳው ላይ ነው፣ ስለዚህ የምትለኪው የሂት ትሪትመንቱን ሳይሆን የሽፋኑን ፋቲግ ይሆናል። አየር ያለው ብቻ ከሆነ ያለሽ ያልተላገ ወፍራም ባር አስገቢና ከዛ በኋላ ሽፋኑ በሙሉ እስኪነሳ ላጊው፣ መነሳቱን ደግሞ ከአንዱ ቆርጠሽ ከዳር ወደ ውስጥ ማይክሮሃርድነስ በመለካት አረጋግጪ። ሂፕ የሚሄዱትንም ያልተላጉ ካሉሽ እንደዛው፣ መጀመሪያ ሂፕ ከዛ ማላግ።